ቁጥር ሰባት

ዶሮ ማረድ አልችልም፤ አርባ ዓመት ሞልቶኛል፣
ዛሬም ቢላ ሲሳል ጉልበት ይከዳኛል።
ጋሽ ወርዶፋ ይመጣል፣ በአጥር ዞሮ፣ አርዶልኝ፣
"አንተም ወንድ ተባልክ!" ብሎ፣ ላባውን ትቶልኝ፣
እየሳቀ ይሄዳል።
እሱ የማያውቀው፣
አልጋዬ ሥር ያለው፣ ቁልፍ የማይለየው፣
ያ የዋንዛ ሣጥን፣ ያ ከባድ፣ ያ ጥቁሩ፣
ስንት ሬሳ እንዳቀፈ በየሽፋን ቁጥሩ።

ሂርማታ ገበያ ጀርባ፣ ነስረዲን ቪዲዮ ቤት፣
አግዳሚ ላይ ተፋፍገን ሃምሳ ሳንቲም የከፈልንበት፣
ነስረዲን ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ይተረጉማል፤
እንግሊዝኛው ይቅር ይበለው፤ ማን ይጠይቃል?
ጭንብል ያጠለቀው ማጭዱን ሲያነሣ፣
ልጅቱ ስትወድቅ፣ ጫማዋን ስትረሳ፣
"አንቺ ሞኝ! ወደ ጫካው ሳይሆን ወደ ጎረቤት ሩጪ!"
ይል ነበር። አብረነው ጮኽን። አንድም ቀን አልሰማችን።
በመጨረሻ ጣቷ የጭንብሉን ክር ሲይዝ፣
መብራት ሄደ።
ካሴቱም በዚያው ጠፋ።

ጎረመስኩ፤ ደመወዝተኛ ሆንኩ።
አንድ ቀን ሰልባጅ ተራ፣ ከተራገፈ ቦንዳ፣
ቅርጹ እንዳይጎድል ጫማ ውስጥ የተጠቀጠቀ ወረቀት
ሳወጣ፣ ያው ጭንብል ቀና ብሎ አየኝ።
የዚያው ፊልም ኮሚክ!
በግራ እግር ቁጥር አንድ፣ በቀኝ እግር ቁጥር ሦስት።
ጫማው ይጠበኛል። ገዛሁት።

ቁጥር ሁለትን ከአንድ ተማሪ በሁለት ኪሎ ማር ለወጥኩ፤
አራትን የአጋሮ ሹፌር ወንበሩ ሥር አንጥፎት ነበር፤
አምስትን እንዴት እንዳገኘሁት አልናገርም።
ቁጥር ስድስት ሁለት አለኝ።
የአንዱ ደም ወደ ብርቱካን ያደላል።
ይህን ልዩነት የሚያይ በጅማ እኔ ብቻ ነኝ፤
አንዳንድ ሌሊት ይህ ነገር ይከብደኛል።

ጅማ ግን ለወረቀት አትራራም።
የኔ ገዳይ ጭንብል የለው፣ ማጭድ አያነሣም፣
በክረምት ሌሊት ይመጣል፣ ኮቴው አይሰማም፣
አረንጓዴ ነው፣ ለስላሳ፤ ስሙም ሻጋታ ነው።
ናፍታሊን አልኩ፣ የታመሰ ጨው በጨርቅ ቋጠርኩ፤
በርጩማ ጠራቢው አባ ፊጣ ሣጥኑን ሲሠራ
"ለእህል ነው?" አለኝ። "ለሰነድ" አልኩት።
ፀሐይ በወጣች ቀን ገመድ ላይ አሰጣቸዋለሁ፣
እንደ ካልሲ፣ በመቆንጠጫ፣ ገዳዩን ከሟቿ ጎን።
ባለቤቴ አስካለ ታልፋለች፦
"ይሄኛው ደሙ አለቀቀም፣ ድገመው።"

ሰባትም ተገኘ፤ የመጨረሻው ቅጠል ግን ተገንጥሏል።

ባለፈው ሐሙስ፣ አዌቱ ድልድይ ላይ፣ በካፊያ፣
አንዲት ተማሪ ለውዝ ትበላለች፤
ጥቅልሉ ላይ ማጭድ።
"እባክሽ…" አልኩ፤ ድምፄ እንደ ሌባ ተንቀጠቀጠ።
ቀና ብላ አየችኝ፦ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ጎልማሳ፣
እጁን የዘረጋ፣ ቁራጭ ወረቀት የሚለምን።
ሮጠች።
ወደ ወንዙ አይደለም፣ ወደ ባዶው መንገድ አይደለም፣
ቀጥታ ለውዝ ሻጮቹ መሃል፣ አዴ ሸምሲያ ቀሚስ ውስጥ።
ነስረዲን፣ የት ነህ? አንዷ ሰማችህ!
እኔ ግን በዝናብ ቆሜ፣ ጃንጥላዬን እንደ ማጭድ ይዤ፣
ለመጀመሪያ ጊዜ ከጭንብሉ ወዲህ ቆምኩ።

አዴ ሸምሲያ ነገሩን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች።
ለልጅቱ ሦስት ጥቅልል ገዛሁ፤ ባዶውን ወሰድኩ።
ቤት ገብቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ መብራት ሥር ዘረጋሁት፦
ጭንብሉ ወልቋል።
ፊቱ ባለበት ግን የለውዙ ዘይት ጠልቆ፣
ከጀርባው ያለውን ማስታወቂያ አሳልፎ፣
በሁለት ትከሻዎች መካከል
የብስክሌት ጎማ ተተክሏል፣ ከነሽቦው።
ሃያ ስምንት ዓመት!
"ማን ሆነ?" አለች አስካለ ከበሩ።
"አልታወቀም" አልኳት፤ ሳላስበው ሳቄ መጣ።

በላስቲክ ከትቼ፣ ጨዉን ቀይሬ፣ ሣጥኑን ቆለፍኩ።
ከጓሮ የፋሲካው ዶሮ ጮኸ፤
ነገ ቅዳሜ ነው።
አስካለ፣ ባክሽ፣ ጋሽ ወርዶፋን ጥሪልኝ።